የሻለቃ ቀለብ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለመንገድ ቀያሿ፣ ለስንጥር፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ደህና ባትሆኚ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ እንሽላሊት አትጽፊም ነበር። ስለ ራስሽ ያገኘሁት ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ ድንኳኑ ያፈሳል፣ ሌላው አለቃዬ ያንኮራፋል ይላል። ወጉስ "እኔ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስብ" ማለት ነበር። አንቺ ከተውሽው እኔ ልበለው፤ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ ግን ትንሽ ትንሽ አስቢ።

ስልክ የማይሠራበት ተራራ ላይ መንገድ ልትሠሪ በመሄድሽ የተጠቀመ አንድ ሰው አለ፤ የስንቅ መኪናው ሹፌር። ደብዳቤሽን ባመጣ ቁጥር እኔ ቤት ሻይ ይጠጣል፣ ወርዶ ከምድር ቤት ዳቦ ይገዛል፣ የሕንፃውን ወሬ ሁሉ ጭኖ ይሄዳል። አንቺ ጋ ሲደርስ ስንቁ ይጎድል ይሆናል እንጂ ወሬው አይጎድልም።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልሂድ። አዎ፣ እንሽላሊትሽ ሻለቃ ይበላል። ጠዋት አምፖሉን ሳበራለት ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ደረቱን ይነፋል፣ የአገጩን እሾህ አጥቁሮ ቁልቁል ያየኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ስጠግን ብዙ ቁጡ ደንበኛ አይቻለሁ፤ እንደሱ ያለ ግን አላጋጠመኝም። ካሮት ስሰጠው ፊቱን ያዞራል። በረሮ ሳቀርብለት ደግሞ ከኔ እጅ ያልመጣ ይመስል ሳያመሰግን ይሰለቅጠዋል። ሹመት እንዲህ ነው።

እናትሽ አላወቀችም። "ያንን አውሬ የት ጣለችው?" ስትለኝ "ለሚወደው ሰው ሰጠችው" አልኳት። ውሸት የለበትም። የሕንፃው ኮሚቴም አላወቀም። እንስሳ ማርባት ክልክል ነው የሚለው ወረቀት አሁንም ደረጃው ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ እኔም ስወጣ ስወርድ አነበዋለሁ። ማንበብ እወዳለሁ።

በበረሮዎቹ ግን ኩሪብኝ። ለቀለብ ይሁነው ብለሽ ትተሽልኝ የሄድሽው አንድ እፍኝ ነበር፤ አሁን ሕዝብ ሆኗል። እንዳሳየሽኝ የእንቁላል ካርቶኖቹን በፕላስቲክ ሳጥኑ ውስጥ አቁሜ ደርድሬላቸዋለሁ፤ በየጉድጓዱ ተጣበው ይውላሉ። ሙቀት ይወዳሉ ስላልሽኝ ሳጥኑን የምድር ቤቱ ዳቦ ቤት የጭስ ቧንቧ ወለሌን በስቶ በሚያልፍበት ጥግ አስጠጋሁት። እታች ለዳቦ የሚነድደው ምድጃ እላይ ለኔ ሕዝብ ይነድዳል። ቀለባቸውም ከዚያው ነው። ጋጋሪዋን ታውቂያት የለ፣ የደረቀ ፍርፋሪ በከረጢት እያደረገች ትሰጠኛለች።

"ለምንህ ነው ጋሼ?" አለችኝ።

"ለወፎቼ።"

"ምን ዓይነት ወፍ ነው?"

"ስድስት እግር ያለው" አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ነግሬ ውሸት አስመስዬው ተመለስኩ።

አንድ ነገር ብቻ፤ ከሳጥኑ አፍ ሥር ዙሪያውን የሚቀባው፣ እያንሸራተተ እንዳይወጡ የሚያደርጋቸው ቫዝሊን አልቋል። አትጨነቂ፣ በሌላ ተክቼዋለሁ። ቅባት ያው ቅባት ነው።

አጎትሽ፣ የበረሮ እረኛው


ጥቅምት 27

ለስንጥር፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ሄደ፤ አንዴ ተኝቼ ነበር፣ አንዴ ደግሞ የተኛሁ መስዬ ነበር።

ከጠየቅሽኝ አምስት ነገር አራቱን እመልሳለሁ። አዎ፣ ሻለቃን ለብ ባለ ውሃ እነክረዋለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጡረታ የወጣ ይመስላል። አዎ፣ ሳጥኑን አጸዳለሁ። አዎ፣ የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ ደረጃ ስትወጣ ግን አሁንም ደረጃውን ትሳደባለች። አይ፣ አላገባሁም፤ በየደብዳቤው ለምን እንደምትጠይቂኝም አላውቅም። አምስተኛውን፣ የቅባቱን ነገር ሳነብ መነጽሬ ጠፋብኝ።

ወሬ ከፈለግሽ ጋጋሪዋ ቤት ጣጣ ወድቋል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አስተማሪ ዳቦ ስትቆርስ ከመሃሉ የበረሮ እግር ወጣ። ከዳቦው ውስጥ ሙሉው ሰውዬ ከነጢሙ ተጋግሮ ተኝቷል። ዳቦውን በሳህን ይዛ ፎቁን ሁሉ አዞረችው፤ እኔም ቤት መጣች።

"ይኼ ምን ይመስልሃል?" አለችኝ።

"ዘቢብ" አልኳት። ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

ከዚያ የጤና ቁጥጥር ሰዎች መጡ። ምድጃውን ከግድግዳው ፈቀቅ ሲያደርጉት ከኋላው ጉድ ተገኘ። ተቆጣጣሪው "እንዲህ ያለ ወፍራም በረሮ በሥራ ዘመኔ አላየሁም፤ ምን እያበላሽ ነው ያሳደግሻቸው?" አላት አሉ። በሯ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጠፈ። አሁን ዳቦ የምንገዛው ሁለት መንገድ ተሻግረን ነው፤ የዚያኛው ዳቦ ደግሞ ስፖንጅ ነው፤ ዕቃ ያጥባል።

ምድር ቤቱ የሕንፃው ነዋሪዎች የጋራ ንብረት ስለሆነ ኮሚቴው ስብሰባ ጠርቷል። ኪራይዋ ይታደስ ወይስ ትውጣ በሚለው ላይ ሁሉም እጁን ያወጣል።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ብርዱ ጀምሯል። አለቃሽን ሲያንኮራፋ በጎኑ አዙሪው።

አጎትሽ


ኅዳር 9

ውድ ጋሼ፣

ደህና ነኝ። ድንኳኑ ተጠግኗል። አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ተቆጣጣሪው ያያቸው በረሮዎች ምን ዓይነት ናቸው? ትልልቅ፣ ቡናማ፣ ጠርዛቸው ገረጣ ያለ? ሲነኩ በመሮጥ ፈንታ የሞቱ መስለው ደርቀው የሚቀሩ? ቫዝሊኑን በምን ተካኸው? ሳጥኑን ስታነሳው ክብደቱ እንደ በፊቱ ነው?

አትቀልድብኝ ጋሼ። አንተ ስትፈራ እንደምትቀልድ ከልጅነቴ ጀምሬ አውቃለሁ። አባቴ የሞተ ሳምንት ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ ስታስቅ ውለህ ጓዳ ገብተህ እጅህን ስትነክስ አይቼሃለሁ።

እናቴ ከሥራ እስክትመለስ የቤት ሥራዬን የምሠራው ያቺ ሴት ምድጃ አጠገብ ነበር። በብርድ ጣቴ ደንዝዞ እርሳስ መያዝ ሲያቅተኝ እጄን ሊጥ ውስጥ ታስከትተኝ ነበር። ሊጥ ሲቦካ እንደሚሞቅ ያወቅሁት ከሷ ነው። ከዚያ ዳቦ ቤት ሌላ ምንም የላትም። ሕንፃው ካስወጣት የት ትገባለች?

ጥፋቱ የኔም ነው። ለማንም አትንገር ብዬ ምስጢር ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። አሁን አንስቼልሃለሁ። ንገራቸው።

ስንጥር


ኅዳር 20

ለስንጥር፣

ሻለቃ ቆዳውን እየቀየረ ነው። መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ከጀርባው እንደ አሮጌ ቀለም ተሰነጠቀ፣ አሁን ጭራው ላይ ካልሲ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እንዳልጎትተው ያዘዝሽኝን አስታውሼ እጄን ሰብስቤ አያለሁ። ከውስጥ የሚወጣው አዲሱ ቆዳ ደማቅ ነው። ቁጣው ግን ያው የድሮው ነው፣ እሱን አልቀየረም።

ስለ ቆዳ ይህን ያህል የጻፍኩት ለምን እንደሆነ ገብቶሻል።

ቅቤ ነው። ዳቦ ላይ የሚቀባው። እስከ ሱቅ መሄድ ሰነፍኩ፤ ከቁርስ የተረፈ ቅቤ ነበር፤ አውራ ጣቴን ነክሬ የሳጥኑን አፍ ዙሪያውን ቀባሁና በራሴ ብልሃት ተደነቅሁ። መኪና ሳለሰልስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቅባት ያንሸራትታል፣ አለቀ። መኪና ቅባቱን አይበላውም፤ በረሮ ግን ይበላዋል፤ ይቺ ናት ያልታየችኝ። ስንጥር፣ አጥራቸውን በሉት። ጠዋት ሳየው ጠርዙ ተልሶ ጸድቷል። "ንጹሕ ፍጥረቶች" ብዬ ደግሜ ቀባሁላቸው፤ ደግመው በሉት። የእስር ቤቱን ግንብ በየማለዳው ለእስረኛ ቁርስ ሳቀርብ ከረምኩ።

አዎ፣ ሳጥኑ ቀሏል። አዎ፣ ጠርዛቸው ገረጣ ያለ ነው፣ ሲነኩም ደርቀው ይቀራሉ። በቧንቧው ዙሪያ ባለችው ክፍተት ወርደው ምድጃው ኋላ ሰፍረዋል።

ለምን ዝም አልክ ትይኛለሽ። ያ ቀይ ወረቀት በተለጠፈ ማግስት በሬ ተንኳኳ። ጋጋሪዋ ናት። ከረጢት ይዛለች።

"የመጨረሻው ፍርፋሪ ነው። ወፎችህ እንዳይራቡብህ" አለችኝ።

"ግቢ እንጂ እህቴ" አልኳት፤ እንዳትገባ ግን በሩን በትከሻዬ ደግፌዋለሁ።

አልገባችም። አንገቷን ደፍታ ቆየችና "ጋሼ፣ ክፍልህ ከኔ በላይ ነው። ከኔ ቤት የወጣ ነገር መጥቶብህ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ። እፍረቱ ሰው ፊት አላስቆም ብሎኛል" አለችኝ።

እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። "ኧረ ምንም አልመጣብኝም" አልኳት። ነገሩ እውነት ነው፤ ከኔ ሄደ እንጂ ወደኔ አልመጣም። ከረጢቱን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ። ፍርፋሪውን ምን እንዳደረግሁት አትጠይቂኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ስሰማ እስቅ ነበር፤ አብዬን መሆን እንዲህ እንደሚያሳክክ ማን ነገረኝ።

ስብሰባው ተደርጓል። እስከ ጥር መጨረሻ እንድትወጣ ተወስኗል። ስለ ስብሰባው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

እነግራቸዋለሁ። ጥቂት ጊዜ ስጪኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ።

ሹፌሩ ዳቦ ቤቱ ስለተዘጋበት ተናዶ የስብሰባውን ነገር አንድ በአንድ ነገረኝ። ትውጣ የምትሉ እጃችሁን አውጡ ሲባል ካወጡት መካከል እርስዎ እንደነበሩም ነገረኝ። "ቀልደኛው አጎትሽ እንኳ ያን ቀን አልቀለደም" አለኝ።

ስለ ስብሰባው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ብለው ነበር። ከእንግዲህ አይድከሙ።

ሻለቃን ለሹፌሩ ይስጡልኝ። ለኮሚቴው ራሴ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር፤ ተውኩት። የኔ ደብዳቤ እርስዎን ያጋልጥ ይሆናል እንጂ እሷ ፊት አያቆምዎትም።

ጤና ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 12

ለእህቴ ልጅ፣

"እርስዎ" አልሽኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። መከበር እንዲህ ያለ ብርድ እንዳለው አላውቅም ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ኪሴም በረደኝ።

አዎ፣ እጄን አውጥቻለሁ። ሰብሳቢው "ትውጣ የምትሉ" ሲል እጆች ወጡ። አስተማሪዋ ወደኔ ዞር አለች። ካላወጣሁ "አንተስ ለምን?" ልትለኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ለምን ብባል መልሱ አፌ ላይ ነበርና። እጄ ወጣ። ጆሮዬን የማክ መስዬ ቀስ አድርጌ ነው ያወጣሁት፤ ጸሐፊው ግን ቆጠረው። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ከኔ ላይ አንስታ ወለሉን አየች፤ እኔን ላለማሳፈር ይመስለኛል።

ተንኮለኛ መሆኔን ታውቂያለሽ። ሳልናገር ላቃናው አሰብኩ። የሊጥ ማቡኪያ ማሽኗ ይንኳኳል ስትል ሰምቼ ነበርና መፍቻዎቼን ይዤ ወረድኩ። "ዕቃሽን ይዘሽ ስትወጪ ደህና ሆኖ ይውጣ" አልኳት። ማሽኑ ከምድጃው አጠገብ ነው። እሷ ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ስትገባ እኔ ተንበርክኬ ከምድጃው ኋላ በረሮዎቼን እየለቀምኩ ጠርሙስ ውስጥ እከታለሁ። ስንቱን ለቅሜ እጨርሳለሁ? ትልልቆቹን ስይዝ ትንንሾቹ በጣቶቼ መሃል ይሾልካሉ። ወልደዋል ስንጥር። እዚያው የተወለዱ፣ የኔን ሳጥን አይተው የማያውቁ፣ የአገሩ ተወላጆች።

ሻዩን ይዛ መጣች። ጠርሙሱን ኪሴ ከተትኩት፤ ይንኮሻኮሻል። ሳል የያዘኝ መስዬ ሳልኩበት።

"እጅህን ስታወጣ አይቼሃለሁ" አለችኝ።

ሻዩን እፍ አልኩበት።

"አልተቀየምኩህም። በረሮ ማን ይፈልጋል? አንተ ቢያንስ መጥተህ ከፊቴ ተቀመጥክ። ሌሎቹ በሬ ላይ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ስኳር ልጨምርልህ?"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል "ጨምሪ" ነው።

ማሽኑ ግን ተስተካክሏል።

ሻለቃን ለሹፌሩ አልሰጠሁትም። ትእዛዝሽን ንቄ አይደለም። እሱ ከሄደ የማሳየው ነገር አይኖረኝም፤ ራሴንም አውቀዋለሁ፣ ቀዳዳ ካገኘሁ እንደ በረሮዎቼ ነኝ። ስብሰባ ይጠራልኝ ብዬ ሰብሳቢውን ጠይቄዋለሁ።

አጎትሽ ለማለት አፈርኩ።

ያው ሰውዬ


ታኅሣሥ 26

ለእህቴ ልጅ፣

ተናገርኩ። ደስ አይበልሽ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ሰዉ ደረጃው ሥር ተሰብስቦ ሰብሳቢው "እሺ፣ ምን ልትነግረን ነው?" አለኝ። ቆምኩ። "በረሮዎቹ የሷ አይደሉም። የኔ ናቸው። ለእንሽላሊት ቀለብ ሳጥን ውስጥ አረባቸው ነበር። ሳጥኑን ቅቤ ቀብቼው ቅቤውን በልተው አመለጡ" አልኩ።

 ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው "እንሽላሊት" አለና ፈነዳ። እሱ ሲፈነዳ ሁሉም ተከተሉት። ስንጥር፣ እንዲህ አስቄያቸው አላውቅም። አስተማሪዋ እንባዋን ጠረገች። "እንሽላሊቱስ ያለ ቅቤ አይበላም?" ይላል አንዱ። "በማር ሞክረው" ይላል ሌላው። "እውነቴን ነው" ባልኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። በምን አፌ ይመኑኝ? ሊፍት ተተከለልን ብዬ ይኼንኑ ሰብሳቢ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ስንተኛ ፎቅ ነው የምትወርደው ያልኩት እኔ ነኝ።

ሳቁ ሲበርድ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። "ቀልድህ እንዳለ ሆኖ ልብህ ገብቶናል" አለ። "የጎረቤትን ጥፋት በራስ ላይ መጫን ትልቅነት ነው። ውሳኔው ግን ውሳኔ ነው።" አጨበጨቡልኝ።

እሷም መጣች። እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። "እንዲህ ያለ ሰው አለኝ ለካ" አለችኝ።

ይህን ያህል ከጻፍኩ የቀረውንም ልጻፈው። ሳጥኑ ያለው አንድ ፎቅ ወጣ ብሎ ነው። ሮጬ አምጥቼ መሃላቸው ላስቀምጠው እችል ነበር። አልወጣሁም። ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርጉኝ ቆሜ ተመታሁ። እኔ እውነቱን ተናግሬአለሁ፣ አላምንህም ካሉኝ ምን ላድርግ አልኩ ለራሴ። እራቴን በደንብ በላሁ። በደንብም ተኛሁ። ያመመኝ ስነቃ ነው።

ያው ሰውዬ


ጥር 5

ጋሼ፣

እንዲህ ያለ ሰው አለኝ ለካ ካለችህ በኋላ ደረጃው ላይ ስትገናኙ ምን ትልሃለች? አንተስ ምን ትላታለህ?

ይኼን ሁሉ የምትጽፈው ለኔ ነው። ከዳቦ ቤት የምባረረው ግን እኔ አይደለሁም።

ስንጥር


የካቲት 8

ለስንጥር፣

ከጥያቄሽ ልጀምር። ደረጃው ላይ ስታገኘኝ "ጋሼ ቁርስ በልተሃል?" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ "በልቻለሁ" እላት ነበር። አሁን አትለኝም።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ ማግስት ሳጥኑን ታቅፌ፣ ሻለቃን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወረድኩ። መጋገሪያ ቆርቆሮዎቿን በገመድ ስታስር አገኘኋት። ሻለቃን ስታይ ወደ ኋላ አላለችም። ሳጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትኩት። አጎንብሳ አየች። ከካርቶኖቹ ሥር የዳቦ ፍርፋሪ ተበትኗል፤ ሰው የራሱን ዳቦ አያጣውም።

"ወፎቹ እነዚህ ናቸው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ስብሰባው ላይ ያልከው?"

"እውነት ነበር።"

"እጅህን ያወጣህ ዕለትስ?"

"ያን ጊዜም አውቅ ነበር።"

"ከረጢቱን ይዤልህ ስመጣ?"

"አውቅ ነበር።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ተዘጋጅቼበት ነበር። ይቅርታ ልል ስጀምር እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"እኔ ምን አጎደልኩ፣ የቱን ጥግ ሳልጠርግ አደርኩ እያልኩ ይኼን ወለል ስፈትግ ነው የከረምኩት" አለች። "ተዘግቶ እንኳ በየቀኑ እፈትገው ነበር።" መዳፎቿን ገልብጣ አሳየችኝ፤ ተልጠዋል። "አንተ እላይ ሆነህ ብሩሹ አይሰማህም ነበር?"

"ይሰማኝ ነበር" አልኳት። ስንጥር፣ ይሰማኝ ነበር።

ተነሥታ ነጠላ ጫማዋን አደረገችና ወደ ሰብሳቢው ቤት ወጣን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከነሳጥኔና ከነአውሬዬ ከኋላ። ሰብሳቢው ነዋሪውን ጠራ፤ ያን ቀን ማንም አልሳቀም። አስተማሪዋ ወደ ሳጥኑ አንዴ አይታ ዘወር ብላ ግድግዳውን ያዘች። ኪራይዋ ታደሰ። መድኃኒት ተረጨ፣ የቧንቧው ዙሪያ በሲሚንቶ ተደፈነ፣ ተቆጣጣሪው ተመልሶ ቀይ ወረቀቱን አነሳ። የኔም ጉዳይ ለድምፅ ቀረበ። እንድቆይ የተፈቀደልኝ በአንድ እጅ ብልጫ ነው። የማን እጅ እንደነበረች አላየሁም፤ በተራዬ ወለሉን ሳይ ነበር።

በሳጥኑ የቀሩትን በረሮዎች የፈላ ውሃ አፈሰስኩባቸው፤ ሻለቃ ከመስታወቱ ኋላ ቆሞ አየኝ። እሱን ከሹፌሩ ጋር ልኬልሻለሁ፤ በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው፣ በፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። ሲደርስ መጀመሪያ አሙቂው፣ ከዚያ አብዪው። እዚያ አገር ፌንጣ ሞልቷል ብለሽኛል። አደራ፣ ምንም እንዳታረቢ።

የምትጠይቂኝን አውቃለሁ፤ ሰውስ ተመለሰ ወይ ነው። አልተመለሰም። ዳቦ ቤቱ የተከፈተ ዕለት የጋገረችው ሁሉ መደርደሪያው ላይ ደርቆ አደረ። ወረቀት ይነሳል እንጂ ሰው ያየው እግር ከዓይኑ አይነሳም። በማግስቱ ሄጄ "ምን ላድርግልሽ?" አልኳት። ማሽን አለ፣ በር አለ፣ የምጠግነው ነገር ትሰጠኛለች ብዬ መፍቻዎቼን ይዤ ነበር። መፍቻዎቹን አየች። ወደ ውስጥ ገብታ ወንበር አመጣችና ደጃፏ ላይ አስቀመጠችው።

"እዚህ ትቀመጣለህ" አለችኝ። "ለሚያልፈው ሁሉ ትነግራለህ።"

"ምን ብዬ?"

"የሆነውን። ቀልድ ሳትጨምርበት።"

በየማለዳው እቀመጣለሁ። ቀላል መስሎሽ ይሆናል። እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ፊት ስቆም የማስቀድመው ቀልዱን ነው፤ እሱ በር ይከፍትልኛል፣ ከዚያ እኔ እገባለሁ። አሁን ባዶ እጄን ነው የምቆመው። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሲመጣ ሳይ የጫማዬን ክር ሳስር ዋልኩ፤ ክር የሌለው ጫማ አድርጌ። አንዳንዱ ሰምቶኝ ያልፋል። አንዳንዱ "አንተ ሰውዬ አታፍርም?" ይለኛል፤ "አፍራለሁ" እለዋለሁ። እናትሽ ሳትቀር መጥታ ከፊቴ ቆመች፤ ሰምታኝ ስትጨርስ ገብታ ዳቦ ገዛች፤ ስትወጣም አላየችኝም። ከሷ በኋላ አንድ ሁለት ሰው ገብቷል።

ይቅር አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ለሱ ገና ተራ አልደረሰኝም። ወንበሩን ጠዋት ታወጣለች፣ ሳትናገረኝ ታስገባለች።

ዛሬ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰውዬ ከፊቴ ቆመና "ምንድን ነው የምትሸጠው?" አለኝ።

"ምንም አልሸጥም። እዚህ ቤት በረሮ ገብቶ የነበረው በጋጋሪዋ ጥፋት አይደለም። ያረባኋቸው እኔ ነኝ፣ ያመለጡትም ከኔ ነው፣ ይኼን እያወቅሁ ትውጣ ብዬ እጄን አውጥቻለሁ" አልኩት፣ ጫማውን ጫማውን እያየሁ።

ከውስጥ፣ ከምድጃዋ አጠገብ ሆና፣ "አልተሰማም" አለች።

ቀና አልኩና እንደገና ጀመርኩ።

አጎትሽ